ገበጣ፥ ሰንጠረዥና ካርታ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስንውል ከአፋችን የማይለዩ ሦስት ቃላት አሉ። የሦስት ወሩ የሥራ ሪፖርት ሲዘጋጅ «ሰንጠረዡ የታለ?» እንባባላለን። ባለጉዳይ ስለ ቤቱና ስለ ቦታው ሊጠይቅ ሲመጣ «ካርታዎን ይዘው ይምጡ» እንለዋለን። ሠራተኛ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሊዛወር የታሰበ እንደ ሆነ ደግሞ «ብወዛ ሊደረግ ነው» የሚል ወሬ በየቢሮው ይናፈሳል። ከነዚህ ከሦስቱ የመጀመሪያው የነገሥታትና የመሳፍንት ጨዋታ ስም ነው። ሁለተኛው የጨዋታም የይዞታ ማስረጃም መጠሪያ ነው። ሦስተኛው ካርታ ከሚደባልቅ እጅ የተወሰደ ነው። እንግዲህ ጨዋታን የሕፃናትና የሥራ ፈቶች ነገር ነው ብለን ብንንቀው እንኳ፥ እርሱ ሳይንቀን በጠረጴዛችን ላይ ሲያገለግለን ይውላል ማለት ነው።

ይህን እንድናስብ ያደረገን በ2016 ዓ.ም. በገና በዓል ማታ አዳማ ላይ በአያቶቻችን ቤት ያየነው ነገር ነው። ለበዓል ከአሜሪካ የመጣች የአክስታችን ልጅ ለሕፃናቱ ካመጣችው ስጦታ መካከል አንድ ትንሽ የካርታ ፓኮ ነበረ። ሕፃናቱ ፓኮውን እንደ ከፈቱ «ማሪዮ! ማሪዮ!» እያሉ ጮኹ። በካርታዎቹ ላይ የተሳለው ቀይ ቆብ የደፋ ባለ ሪዝ ሰው ነበር። ከእርሱም ጋር ልዩ ልዩ እንጉዳዮችና ኤሊዎች ተሥለዋል። ይህን ሥዕል ሕፃናቱ በስልክና በቴሌቪዥን በሚጫወቱት የቪዲዮ ጨዋታ ከፊደል አስቀድመው ያወቁት ነው። አያታችን ግን መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ካርታ አገላብጠው ከተመለከቱ በኋላ፥ «ይህ ባለ ሪዙ ሰው የማን ልጅ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«አባባ፥ የጌም ሰው እኮ ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛ ነው» አለ የአሥር ዓመቱ ልጅ።

«እንግዲያውስ መጥቶ የኛን ቧንቧ ይይልን» አሉ አያታችን፤ ቤቱም ሁሉ ሣቀ።

የጨዋታው ሕግ ለመማር የማያስቸግር ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሰባት ሰባት ካርታ ይታደላል። የቀረው በመካከል ተደፍቶ ይቀመጣል። ተጫዋቹ ተራው ሲደርስ ከላይ ከተገለጠው ካርታ ጋር በቀለም ወይም በቁጥር የሚመሳሰል ካርታ ይጥላል፤ ከሌለው ከተደፋው አንድ ያነሣል። የተራውን አቅጣጫ የሚገለብጥ፥ የጎረቤትን ተራ የሚያስዘልልና ሁለት ካርታ የሚያስነሣም አለ። አንድ ካርታ ብቻ የቀረው ሰው «ኡኖ!» ብሎ መጮኽ አለበት፤ ረስቶ ዝም ያለ እንደ ሆነ ይቀጣል። ሕፃናቱ ይህን ቃል የጨዋታው ቃል ብቻ አድርገው ይቈጥሩት ነበር። በወጣትነታቸው ናዝሬት ውስጥ በአንድ ጣልያናዊ ጋራዥ መካኒክነት የተማሩት አያታችን ግን፥ «ኡኖ ማለት አንድ ማለት ነው፤ ኡኖ፥ ዱዌ፥ ትሬ» ብለው አስረዷቸው። ከዚያም በኋላ ከሁሉ በላይ ድምፃቸው የሚሰማው የእርሳቸው ሆነ።

ከተማይቱ ስሟን መልሳ አዳማ የተባለችው በ1992 ዓ.ም. ሲሆን፥ አያታችን እስከ መጨረሻው ናዝሬት እያሉ ይጠሯት ነበር። አንዲቱ ከተማ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ስም ነበራት። አንድ ነገር ሁለት ስምና ሁለት ሕግ ሊኖረው እንደሚችል ያን ጊዜ አላስተዋልነውም፤ በኋላ ግን ወደዚሁ እንመለሳለን።

አሁን በቅድሚያ የዚያች ፓኮ የትውልድ ታሪክ ምን እንደሚመስል እንመልከት።

የቪዲዮው ሰው ወደ ካርታ የገባው እንግዳ ሆኖ አይደለም፤ ወደ አባቶቹ ቤት ተመለሰ ቢባል ይቀላል። ማሪዮን የፈጠረው ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1889 በኪዮቶ ከተማ በፉሳጂሮ ያማውቺ ሲመሠረት፥ ሥራው በእጅ የተሠራ የጨዋታ ካርታ መሸጥ ብቻ ነበር። በዚያን ዘመን መብራቱም ቴሌቪዥኑም በቤት ውስጥ አልነበረም። ኩባንያው ወደ ኤሌክትሪክ ጨዋታ የተሻገረው ዘመናት ካለፉ በኋላ ነው። በ1981 ሺገሩ ሚያሞቶ የሚባለው ባለሙያ በሠራው ጨዋታ ውስጥ ያ ባለ ሪዝ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ በ1985 ደግሞ በስሙ የተጠራው ትልቁ ጨዋታ ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። እንግዲህ ወረቀቱ መስታወቱን ወለደ፤ መስታወቱም የወለደውን ሰው መልሶ ወደ ወረቀት ሰደደው።

ይህም በእርሱ ብቻ አልሆነም። በ1980 የወጣው ፓክ ማን የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ከወጣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፥ ሚልተን ብራድሊ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቤተ ሰብ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወተው አድርጎ አሳትሞታል። ፖኬሞን የተባለውም በ1996 መጀመሪያ ላይ የቪዲዮ ጨዋታ ሆኖ ወጥቶ፥ በዚያው ዓመት መጨረሻ ካርታ ሆነ። ለምን ይሆን ብንል ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በመስታወት ፊት አንድ ሕፃን ለብቻው ሊቀመጥ ይችላል፤ በካርታ ፊት ግን ለብቻው ሊቀመጥ አይችልም። ወላጆች የሚከፍሉት ለወረቀቱ አይደለም፤ ልጃቸው ፊቱን ወደ እነርሱ እንዲመልስ ነው።

የጃፓኖች ካርታ ራሱ ከየት እንደ መጣ ስንመለከት የበለጠ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። የጨዋታ ካርታ ጥንት በቻይና ተጀምሮ፥ በእስላም አገሮች በኩል እስከ ግብፅ መማሉኮች ከደረሰ በኋላ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በ1377 የፍሎሬንስ ከተማ ሹማምንት አዲስ የመጣውን የካርታ ጨዋታ የሚከለክል ደንብ አውጥተዋል። ከዚያም በ16ኛው መቶ ዓመት የፖርቱጋል መርከበኞች ወደ ጃፓን ይዘውት ሄዱ። ጃፓኖችም ከፖርቱጋሎች «ካርታ» የሚለውን ቃል ተቀብለው በአገራቸው አነጋገር «ካሩታ» አሉት። ፖርቱጋሎች ጃፓን የደረሱት በ1543 ገደማ ነው። ክርስቶፎር ዳጋማ ወታደሮቹን ይዞ አፄ ገላውዴዎስን ለመርዳት ከምጽዋ ወደ መኻል አገር የዘመተው በ1541 ነበርና፥ ሁለቱ ጉዞዎች በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የተደረጉ ናቸው።

ስለዚህ የጃፓኑ «ካሩታ» እና የእኛው «ካርታ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሥራቸው በላቲን «ካርታ»፥ በግሪክም «ኻርቴስ» ሲሆን ትርጓሜው ወረቀት ማለት ነው። ሊቃውንቶቻችን ከጥንት ጀምሮ «ክርታስ» የሚሉትም ከዚሁ ግንድ የወጣ ቃል ነው። እንግዲህ የደብተራው ክርታስ፥ የማዘጋጃ ቤቱ ካርታና የቁማርተኛው ካርታ፥ ጠባያቸው ቢለያይም ዘመዳሞች ናቸው።

ከነዚህ ዘመዳሞች መካከል ስሙ የጠፋበት ግን የጨዋታው ነው። በጃፓን መንግሥት የውጭውን ዓይነት ካርታ ስለ ቁማር ሲከለክል፥ ሕዝቡ ቁጥር የሌለበትና በአበቦች ሥዕል የሚለይ ካርታ አበጀ። ይኸውም 12 ወር፥ ለየወሩ 4 ካርታ፥ በጠቅላላው 48 ነው። ኒንቴንዶ ሥራውን የጀመረው በዚህ ካርታ ነው። በእኛም አገር ካርታ የገባበት ዘመን ቢለያይም፥ ከስሙ ጋር የተያያዘው ሐሜት ተመሳሳይ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር መሥመር በአዋሽ፥ በመተሐራ፥ በአዳማ፥ በሞጆና በቢሾፍቱ ሲያልፍ፥ ግሪኩ፥ አርመኑ፥ የመኑና ጣልያኑ በየጣቢያው ዙሪያ ሱቅና ሆቴል ከፍቶ ተቀመጠ። ካርታም በየሆቴሉ ጠረጴዛ ላይ የማታ ሥራ ነበረው። የብዙ ቤተ ሰብ አባት ደመወዙን በአንድ ሌሊት አጥቶ ሲመለስ ያዩ እናቶች «ካርታ በቤቴ እንዳይገባ» ቢሉ የሚፈረድባቸው አይደለም።

አያታችንም በዚያ ማታ ካርታውን ሲይዙ በመጀመሪያ ወደ ሴት አያታችን ዞር ብለው፥ «ገንዘብ የለበትም» አሉ። አምሳ ዓመት ያለፈው አንድ ቂም በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ እንዳለ ሁላችንም ተረዳን፤ ነገር ግን ማንም አልጠየቀም። ዛሬ በየከተሞቻችን የስፖርት ውርርድ ቤቶች ደጃፍ ላይ ተሰልፎ የምናየው ወጣት፥ ካርታውን ወደ ስልክና ወደ ቲኬት ለወጠው እንጂ ነገሩ ያው ነው። ስለሆነም ጨዋታን ከቁማር ለይቶ ማየት የሁሉም ትውልድ ሥራ ይመስለናል።

የካርታውን እዚህ ላይ ትተን ከካርታ በፊት ወደ ነበሩን ጨዋታዎች እንሻገር።

ሰንጠረዥ በህንድ ተወልዶ፥ በፋርስና በዓረብ አልፎ ወደ እኛ የደረሰ ነው። ስሙም ዓረቦች «ሸጥረንጅ» ከሚሉት የመጣ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንድ የቬኔስያ ሠዓሊ ከአፄ ልብነ ድንግል ጋር ሰንጠረዥ ይጫወት እንደ ነበር ተጽፎ ይገኛል። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛም በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይ በደረሰ ጊዜ፥ ራስ ወልደ ሥላሴ ማታ ማታ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ እንዳያቸው ጽፏል። የእኛ ሰንጠረዥ በዓለም ካሉት ዘመዶቹ ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ ነበረው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች የጠላታቸውን አሰላለፍ እየተመለከቱ፥ እንደ ፈለጉ ፈጥነው ያሰልፋሉ፤ ይህም «ወረራ» ይባላል። ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን እስኪገድል ድረስ ወረራው አይቆምም፤ ተራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በዙሪያው የተቀመጡት መኳንንትም «ይህን አንሣ! ያንን ተው!» እያሉ ይጮኹ ነበርና፥ ጨዋታው የሁለት ሰው ሳይሆን የአዳራሹ ሁሉ ነበር።

ገበታው እንደ አውሮፓውያኑ በነጭና በጥቁር የተዥጐረጐረ አልነበረም። በጨርቅ ላይ መሥመር ብቻ ተሠምሮ ስድሳ አራት ቤት ይወጣለት ነበር። ስለዚህ በየወሩ በሪፖርታችን ውስጥ አሥምረን ቁጥር የምንሞላበትን ነገር «ሰንጠረዥ» ብለን ስንጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ዛሬ ወጣቶቻችን በትምህርት ቤት የሚማሩት የዓለሙን ቼዝ ነው። ወረራን አውቆ የሚጫወት ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ሕጉ ግን አልጠፋም፤ ያልጠፋውም የጻፈው ሰው ስላለ ብቻ ነው።

ከሰንጠረዥ ይልቅ የሕዝብ የሆነው ገበጣ ነው። ሰንጠረዥ አዳራሽና ጊዜ ይፈልጋል፤ ገበጣ ግን መሬትና ጠጠር ካገኘ ይበቃዋል። እረኛው ከብቱን ሲጠብቅ፥ ነጋዴው ገበያ እስኪቆም ሲጠብቅ፥ ሽማግሌው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲያወጋ ይጫወተዋል። በአክሱም ዘመን ከተሞች በመጠራና በይሓ የገበጣ ዓይነት ጉድጓዶች ያሉባቸው የድንጋይና የሸክላ ቅርሶች ተገኝተዋል። በአፍ መፍቻ ኦሮምኛ ቋንቋቸው ሴት አያታችን ጨዋታውን «ሰዴቃ» ይሉታል። በብዙ ቦታ የሚታወቀው ገበጣ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያለው፥ በየጉድጓዱም አራት አራት ጠጠር የሚገባበት ነው። ጠቅላላው 48 ይሆናል፤ ከላይ ስለ ጃፓኖች የአበባ ካርታ ያነበበ ሰው ይህን ቁጥር ያስታውሰዋል። አጋጣሚ ነው፤ ቢሆንም ደስ ያሰኛል። ባለ ሦስት ረድፍ ገበጣም አለ።

ገበጣን ካጠኑት የውጭ ሊቃውንት መካከል ፈረንሣዊው ማርሴል ግሪዮል በ1935 በፓሪስ ስለ አገራችን ጨዋታዎች መጽሐፍ አሳትሟል። ከሁሉ የበለጠውን የደከሙት ግን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መሥራችና የመጀመሪያው ዲሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ናቸው። በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪቃ ቀንድ የሚገኙ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን ከነሕጋቸው ሰብስበዋል። በዚያው ዓመት ስለ ሰንጠረዣችንም ታሪክና ሕግ ጽፈዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንለምናለን። በዚያው በ1971 በአሜሪካ አገር፥ በኦሃዮ ግዛት፥ ሬዲንግ በምትባል ትንሽ ከተማ፥ ሜርል ሮቢንስ የተባለ ፀጉር አስተካካይ ከልጁ ጋር ስለ አንድ የካርታ ጨዋታ ሕግ ተከራከረ። ክርክሩን ለመጨረስም አዲስ ሕግ አወጣና ስሙን «ኡኖ» አለው። ቤተ ሰቡ 8,000 ዶላር አዋጥቶ 5,000 ፓኮ አሳተመ። በፀጉር ቤቱ እየሸጠ የጀመረው ነገር ከጥቂት ጊዜ በኋላ መብቱ ተሸጠ፤ ከ1992 ጀምሮም የማቴል ኩባንያ ሆነ። ዛሬም የማሪዮን ሥዕል ለብሶ ከአሜሪካ ተነሥቶ አዳማ ደረሰ።

አንድ ፀጉር አስተካካይ አንድ ሕግ ጻፈ፤ ዓለም ወረሰው። በእኛ አገር ከመቶ የሚበልጥ ሕግ በሽማግሌዎች ራስ ውስጥ ነበረ፤ አንድ ሊቅ ሰብስቦ መጽሔት ላይ አወጣው፤ እኛ ግን መደርደሪያ ላይ ተውነው። ልዩነቱ የጨዋታው ማማርና አለማማር አይደለም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

ይህ ተረት ለእኛ ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በገና ማግሥት ጧት ያ የአሥር ዓመት ልጅ አያታችንን፥ «አባባ፥ እናንተ ልጅ ሳላችሁ ምን ትጫወቱ ነበር?» ሲል ጠየቃቸው። እርሳቸውም «ገበጣ» ብለው ጉድጓድ ሊቈፍሩለት ወደ ግቢው ወጡ። ግቢው ግን ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነበር፤ አምስት ጉድጓድ እንኳ የሚወጣበት አፈር አልተገኘም። በመጨረሻ ሴት አያታችን የእንቍላል መያዣውን ካርቶን ከወጥ ቤት አመጡ። አያታችንም ሁለት ረድፍ በመቍጠሪያ ለዩ፤ ጠጠሩም ሽምብራ ሆነ። ይኸው እንግዲህ ሲሚንቶው ጨዋታውን ከመሬት ቢነቅለውም፥ የእንቍላል ካርቶን ተቀበለው።

ጨዋታው ሲጀመር ግን ሁለቱ አያቶቻችን አልተስማሙም። ወንድ አያታችን የቡልጋ ሰው ናቸው፤ ሴት አያታችን የተወለዱት በአርሲ ነው። እርሳቸው፥ «የመጨረሻው ጠጠር የጠላትን ጉድጓድ አራት ካደረገ ይበላል» አሉ። እርሳቸዋም፥ «አይደለም፤ የመጨረሻው ጠጠር በራስህ ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ነው ፊት ለፊት ያለውን የምትበላው» አሉ። አምሳ ዓመት አንድ ገበታ የበሉ ሰዎች ገበጣ አብረው ሳይጫወቱ መኖራቸውን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የየራሱ ሕግ አለውና። ነገር ግን ልጁ ማን እንደ ረታ ማወቅ ፈልጎ፥ የኡኖውን ፓኮ አንሥቶ በውስጡ የነበረችውን የሕግ ወረቀት አሳያቸውና፥ «የናንተስ ወረቀት የታለ?» አላቸው።

የመለሰለት አልነበረም።

አያታችን የቡልጋውን ሕግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲነግሩን፥ እኛም ልንጽፈው ቃል ገባን። በማግሥቱ ወደ ሥራችን ተመለስን። ለጥምቀት ልንሄድ አሰብን፤ የበጀት ስብሰባ መጣ። ለፋሲካ ሄድን፤ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ነበረና «በሚቀጥለው» ተባባልን። በሰኔ ወር አያታችን ዐረፉ። በማስታወሻ ደብተራችን ላይ የተጻፈው ያን ጧት የሰማነው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «አራት ካደረገ ይበላል» ይላል። ከበላ በኋላ ተራው ይቀጥላል ወይስ ያልፋል? ጠጠር ያለቀበት ሰው ከሌላው ይበደራል ወይስ ይረታል? የምንጠይቀው ሰው የለንም። በየመሥሪያ ቤቱ «ነገ ይምጡ» የምንለውን ባለጉዳይ ስናይ ይህ ነገር ትዝ ይለናል።

የሴት አያታችንን ሕግ ግን በለቅሶው ሰሞን ተቀምጠን ጻፍን። አንባቢም ይወርሰው ዘንድ እነሆ። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል። ለየሰው ስድስት ጉድጓድ፥ ለየጉድጓዱ አራት ጠጠር ይሆናል። ተረኛው ከራሱ ጉድጓዶች የአንዱን ጠጠር በሙሉ ያነሣና ወደ ቀኙ ባሉት ጉድጓዶች አንዳንድ እያደረገ፥ የጠላቱንም ጭምር ያዞራል። የመጨረሻው ጠጠር ጠጠር ካለበት ጉድጓድ ከገባ፥ በዚያ ያለውን ሁሉ አንሥቶ ማዞሩን ይቀጥላል። ከባዶ ጉድጓድ ከገባ ያቆማል። ያ ባዶ ጉድጓድ የራሱ ከሆነ ግን ከፊት ለፊቱ ያለውን የጠላቱን ጠጠር ይበላል። አንዱ የሚያነሣው ሲያጣ ጨዋታው ያልቃል፤ ብዙ የበላው ረቺ ነው። ሴት አያታችን ሲጨርሱ፥ «የተረታ ቡና ያፈላል፤ ይህንንም ጻፈው» አሉን፤ ጻፍነው።

ወደ ዛሬው ነገር ስንመለስ፥ የቪዲዮ ጨዋታን እንደ ጠላት የሚመለከቱ መምህራንና ወላጆች አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። በአዳማ፥ በሞጆ፥ በባቱና በሻሸመኔ መንደሮች የፕሌይስቴሽን ቤት ያየ ሰው፥ ሁለት ልጆች እግር ኳስ ሲጫወቱ ከኋላቸው ሰባትና ስምንት ሆነው ቆመው «አቀብል! ምታ!» እያሉ የሚጮኹትን ሰምቷል። እነዚህ የራስ ወልደ ሥላሴ አዳራሽ ተመልካቾች ልጆች ናቸው። የሚያሳስበው መስታወቱ አይደለም፤ በየክፍሉ ተዘግቶ አንዱ ሕፃን ከአንዱ ስልክ ጋር ብቻውን የሚያመሸው ማምሸት ነው። ጨዋታ ያለ ባላጋራ አይሞላም፤ ባላጋራም ፊት ያለው ሰው ሲሆን መርታትም መረታትም ትምህርት ይሆናል።

አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ የተባለው የወጣቶች ድርጅት «ኩኩሉ» የተባለውን ጨዋታ ከሠራ በኋላ ገበጣን በስልክ የሚጫወቱት አድርጎ አዘጋጅቷል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። የኒንቴንዶ ታሪክ እንዳስተማረን፥ ዛሬ በስልክ የተጫወተው ሕፃን ነገ ወደ ጠረጴዛው ሊመለስ ይችላልና። ነገር ግን ስልክ እንደ ሽማግሌ «በኛ አገር እንዲህ ነው፥ በነርሱ አገር እንዲያ ነው» አይልም። አንድ ሕግ መርጦ ያንን ብቻ ያስፈጽማል። የቀሩት ካልተጻፉ፥ ከመቶው ሕግ አንዱ ንጉሥ ሆኖ ዘጠና ዘጠኙ ይሞታሉ።

ስለዚህ የምናሳስበው ታላቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የታሪክና የቋንቋ መምህራን ለዕረፍት ወደየቤታቸው ለሚሄዱ ተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ይስጡ። እያንዳንዱ ተማሪ ከአያቱ ወይም ከጎረቤት ሽማግሌ አንድ ጨዋታ ከነሕጉ፥ ከነስሙና ከተወለደበት ቀበሌ ጋር፥ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋው ጽፎ ያምጣ። ከአዋሽ እስከ ሻሸመኔ ያሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከየአገሩ የመጣ ሰው በባቡርና በመኪና የተገናኘባቸው ናቸውና፥ በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ አሥር ዓይነት ገበጣ ቢገኝ አያስደንቅም። የተሰበሰበውንም ለሕፃናት በሚያምር ፓኮ ከነሕግ ወረቀቱ አድርጎ የሚያወጣ ነጋዴ አይጠፋም።

እኛም የመንግሥት ሠራተኞች ሰንጠረዥ መሥራት ልማዳችን ነው። እንግዲህ አንድ ተጨማሪ ሰንጠረዥ እናሥምር። በአንዱ ዓምድ የጨዋታውን ስም፥ በሁለተኛው አገሩን፥ በሦስተኛው ሕጉን፥ በአራተኛው የነገረንን ሰው ስም እንጻፍ። በእኛ ሰንጠረዥ የመጀመሪያው መሥመር «ገበጣ፥ ቡልጋ» ይላል፤ የሕጉ ዓምድ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በኋላ ባዶ ነው። ሁለተኛው መሥመር «ሰዴቃ፥ አርሲ» ይላል፤ እርሱ ሙሉ ነው። የቡልጋውን ሕግ የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር የመጀመሪያውን መሥመር እንዲሞላልን በትሕትና እንለምናለን።